በቀይ የታረመ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው አንድ ወፈር ያለ ፖስታ መጣልን። ውስጡ ሁለት ነገር ነበር፤ አንድ ጥራዝና አሥራ ስምንት መጠይቅ። ጥራዙን ኋላ አመጣዋለሁ። መጠይቁ አንድ ገጽ ነው፤ ርዕሱ «በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ለዲግሪ ትምህርት የሚመለሱባቸው ምክንያቶች» ይላል። ከሥሩ አራት ምርጫ ተደርድሯል። ሀ፣ የዕውቀት ጥማት። ለ፣ ሙያን የማሻሻል ፍላጎት። ሐ፣ ለትውልዱ የላቀ አስተዋጽኦ ለማድረግ። መ፣ ሌላ ካለ ይጠቀስ። ለዚያ ለ«ሌላ» የተተወችው መስመር ከጣቴ አትረዝምም። አጥኚው ሌላ ምክንያት ያለው ሰው ካጋጠመው ቶሎ እንዲጨርስለት ፈልጓል ማለት ነው።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። መጠይቁን ያደልኩትም የሰበሰብኩትም እኔ ነኝ። ከአሥራ ስምንቱ መምህራን አሥራ ሰባቱ «የዕውቀት ጥማት» ላይ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል የተጠማ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ደግሞ ጥማቱ ሁሉንም የያዛቸው በአንድ ቀን ነው። ቀኑን ብቻ ሳይሆን የደብዳቤ ቁጥሩንም ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ያስጠማቸውን ደብዳቤ በእነዚህ ጣቶቼ የጻፍኩት እኔ ነኝና።

አሥራ ስምንተኛው መጠይቅ የእትዬ ነው። ባዶውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና «ልጄ፣ ይሄንን ረጋ ብዬ ነው የምመልሰው፤ እስከዚያ አንቺ ጋ ይቆይ» ብለውኝ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

እትዬን የማያውቅ ሰው ለሠፈራችን አዲስ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ሀን ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም። ዳይሬክተሩም፣ ዘበኛውም፣ የተማሪ ወላጆችም፣ የገዛ ልጃቸውም ሳትቀር «እትዬ» ነው የሚሏቸው። ክፍላቸው የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ነው። ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ አይከፈትም፣ አንዱ አይዘጋም። ጥቁር ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ይጠገንልን ብለው አምስት ጊዜ አመለከቱ፤ ማመልከቻዎቹን ስለጻፍኳቸው አውቃለሁ። በስድስተኛው ተዉትና ስንጥቁን ፊደል የሚቀመጥበት መስመር አደረጉት። ይኸው ዛሬ የእኛ ልጆች ፊደል ቀጥ ያለው በስንጥቅ ምክንያት ነው። ለሦስት በተሠራ አግዳሚ ላይ አራት አራት ሆነው ስልሳ አራት ልጆች ይቀመጣሉ።

አንገታቸው ላይ በጫማ ማሰሪያ የተንጠለጠለ ቀይ እስክሪብቶ አለ። ቆመው ያርማሉ፤ ልጆቹ ደብተራቸውን ዘርግተው ይሰለፋሉ። የእትዬ እርማት የታወቀ ነው። ልጅ ሲሳሳት የኤክስ ምልክት አያደርጉበትም፤ ስህተቷን በትንሽዬ ክብ ይከቧትና ትክክለኛውን ከላይ ይጽፉለታል። ነገር ግን ላልሠራው ነጥብ አይሰጡም። አባት ቢለምን፣ እናት ብታለቅስ፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ለእህቱ ልጅ ብሎ ቢሽቆጠቆጥ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። «ጎበዝ» የምትለዋን ቃል ከእሳቸው እጅ ያገኘ ልጅ ደብተሩን ቤት ወስዶ ለጎረቤት ያሳያል።

ሌላው የታወቀ ነገር ደወላቸው ነው። ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ትንሽ የእጅ ደወል አለች። በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ትደወላለች፤ ስልሳ አራቱም ብድግ ብለው እጃቸውን ያራግፉና ይቀመጣሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ደብድቦ ካባራ በኋላ ደግሞ በየሰባት ደቂቃው ነው። አሥራ ሁለትና ሰባት ከየት መጡ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት፣ በየክፍለ ጊዜው፣ መጀመሪያ ጎረቤቱን የሚቆነጥጠው ልጅ በስንተኛው ደቂቃ እንደቆነጠጠ ሰዓታቸውን እያዩ በስም መጥሪያው ጀርባ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰው ቢያደርገው ጥናት ይባል ነበር። እትዬ ስላደረጉት «የእትዬ አመል» ተባለ።

እንግዲህ ዛሬ አራት ዓመት ገደማ ያ ደብዳቤ ከበላይ መጣ። እኔ በትምህርት ቤቱ ስም እንደገና ጽፌ፣ አባዝቼ ለየመምህሩ አደልኩት። ዲፕሎማ ያላቸው መምህራን በሦስት ዓመት ውስጥ ዲግሪ ካልያዙ ከማስተማር ተነስተው ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራሉ ይላል። ንብረት ክፍል ማለት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለ፣ የጠመኔ ካርቶን፣ መጥረጊያና እግር የሌላቸው ወንበሮች የሚቀመጡበት ጨለማ ክፍል ነው። የደብዳቤው አሳብ ገብቷችኋል? ልጅ ለማስተማር ያልበቃ ሰው የተሰበረ ወንበር በመጠበቅ ያገልግል ነው።

እትዬ ደብዳቤውን አንብበው አጠፉት። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ዓመት ቀርቷቸው ነበር፤ ግን እሳቸው ዓመት የሚቆጥሩት በሰው ልክ አይደለም።

«ስድስት አንደኛ ሀ ይቀረኛል» አሉኝ። «ሦስቱን ሊወስዱብኝ ነው?»

«ይመዝገቡና ይማሩታ እትዬ፤ ምን ችግር አለው?»

«ምን ልማር?»

«ማስተማር ነዋ!» አልኩ። የተናገርኩት ራሴንም አሳቀኝ። እሳቸው አልሳቁም፤ በዚያው ቅዳሜ ሄደው ተመዘገቡ።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በሁለት አውቶቡስ ተመላለሱ። ሰኞ ጠዋት ከመደወሉ በፊት እኔ ቢሮ ሻይ እየጠጡ የሳምንቱን ወሬ ያወርዱልኛል። አዳራሹ ውስጥ ሰማንያ መምህር ይቀመጣል አሉ። እንደ መምህር የሚያስቸግር ተማሪ ደግሞ የለም። የእኛው የሒሳብ መምህር፣ በአዘቦት ቀን አንዲት ደቂቃ ያረፈደ ልጅ ከበር የሚመልሰው ሰውዬ፣ ግማሽ ሰዓት አርፍዶ ይገባና «መንገድ ተዘግቶ ነው» ይላል። ኩረጃን በስብሰባ የምታወግዘው የሳይንስ መምህርት የእትዬን የቤት ሥራ ከምኑም ሳትጨምር ከምኑም ሳትቀንስ ትገለብጣለች፤ አንድ ጊዜማ የእትዬን መለያ ቁጥር ሳይቀር ገልብጣ አስረክባለች። ከኋላ የሚያወሩት፣ «መውጣት ይቻላል?» የሚሉት፣ ወረቀት የሚወራወሩት ሁሉ በማግስቱ ከረባት አስረው ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ይውላሉ።

የሚያስተምራቸው ወጣት «ስላይድ» ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት እነሱ ናቸው። ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ ይቀይራል፣ ደግሞ ያነባል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሕፃናትን ስለ ማስተማር የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል። ከሕፃን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠው ግን እሱ ራሱ ሕፃን የነበረ ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ «በሚገባ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ካለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ለአርባ ደቂቃ ያለማቋረጥ በትኩረት ሊከታተል ይችላል» የሚለውን እያነበበ ሳለ እትዬ ሳያስቡት ብድግ አሉ።

«ጥያቄ አለዎት?» አላቸው።

«የለኝም ልጄ፤ እጄን ላራግፍ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሞላ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእትዬ ባልደረቦችም ተነስተው አራገፉ። ስላይድ ግራ ተጋብቶ ጠበቃቸውና አርባ ደቂቃውን ካቆመበት ቀጠለ።

እትዬ ግን ቀልደኛ ተማሪ አልነበሩም። ሞጁሎቹን በጋዜጣ ሸፍነው፣ እያሰመሩ፣ እንደ ልጅ ጮክ ብለው እያነበቡ አጠኑ። ሁሉንም ኮርስ እያለፉ አንድ ብቻ ቀረ፤ «የሕፃናት አስተማማር ዘዴ» የሚባለው። እሱን ካለፉ ዲግሪው በእጃቸው ነው። ከወደቁ የሚደገመው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ የደብዳቤው ሦስት ዓመት ደግሞ በዚያው ወር ያልቃል። ዳይሬክተሩ ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ ከወዲሁ የንብረት ክፍሉን ቁልፍ አዘጋጅቶ፣ የእትዬ መጠሪያ ያለበት ወረቀት እንዳትምለትና ቁልፉ ላይ እንዳስርለት አዘዘኝ። አተምኩ፤ አሰርኩ። እንግዲህ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጄ የሌለበት ክፋት የለም።

የፈተናው ዕለት እትዬ ቁጭ ብለው ጥያቄውን ሁሉ መለሱ፤ ልክ እንደ ሞጁሉ። የሚያምኑበትንም የማያምኑበትንም፣ ስላይድ የሚፈልገውን አውቀው፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው አሰፈሩት። ሲጨርሱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ደወል ሳይደወል መውጣት ክልክል ነው። እጃቸው ሥራ ፈታ። ፊታቸው ደግሞ ተጽፎ ያለቀ ወረቀት ተዘርግቷል። ለሃያ ሰባት ዓመት ፊታቸው የተዘረጋ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ የሚታረም ወረቀት ነበር።

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ።

አንደኛው ጥያቄ፣ ትክክል። ሁለተኛው፣ ትክክል። ሦስተኛው ላይ የአርባ ደቂቃው ነገር አለ። እዚያ ላይ ለልጅ አድርገውት የማያውቁትን ትልቅ ኤክስ አደረጉና ከጎኑ «ሐሰት። አሥራ ሁለት። ከዝናብ በኋላ ሰባት።» ብለው ጻፉ። አምስተኛው «ልጁ ካልተረዳ መምህሩ ማብራሪያውን በድጋሚ ያቀርባል» ይላል። ኤክስ። «ያንኑ የምትደግሚለት መጀመሪያ ገብቶት ነው?» ሰባተኛው ላይ «ከሠላሳ የማይበልጡ ተማሪዎች» የሚል ነበር። «ሠላሳ ልጅ የት አየሽ?» እንዲህ እያሉ እስከ ታች ወረዱ። ደመሩ። አርባ ስምንት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። አርባ ስምንቷን በክብ ከበቡና «ያላመንሽበትን ጽፈሻል። ደግመሽ አስቢ።» ብለው እንደ ልማዳቸው ፈረሙበት። ደወሉ ሲደወል የግራና የቀኝ ጎረቤቶቻቸውን ወረቀት ከእጃቸው ተቀብለው፣ ከራሳቸው ጋር ጠርዙን አስተካክለው ደርድረው፣ ለፈታኙ አስረከቡ። ፈታኙ አመሰገናቸው።

የሠሩትን ያስታወሱት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ቀዩ እስክሪብቶ ክዳኑ ተከፍቶ ሸሚዛቸውን ሲያቀልመው አዩት።

ሰኞ ጠዋት «ልጄ፣ ጉድ ሆንኩልሽ» ብለው ነገሩኝ። እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቀና ስል ሻዩን አልነኩትም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሳቄ አስጠልቶኝ አያውቅም።

የፈተና ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ አምስት የተማሩ ሰዎች፣ ሁለት ጊዜ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ «በቀይ ቀለም የታረመና የተፈረመበት የፈተና ወረቀት ዳግም አይታረምም።» ይህ የወጣው አስተማሪዎች በልመናና በምልጃ ውጤት እንዳይቀይሩ ነው። ማን ያረመው የሚለውን ግን ደንቡ አይናገርም። ተፈታኝ ራሱን አርሞ፣ ያውም ራሱን ጥሎ፣ ፈርሞ ያስረክባል ብሎ ማን ይጠርጥር? ስላይድ ለብቻው በሌላ ወረቀት ላይ አስልቶት ሰባ አራት እንደሚሆን ነገራቸው። ኮሚቴው አመሰገነውና አርባ ስምንቱን አጸደቀ።

አንድ ቀዳዳ ነበረች። ተፈታኟ «ያደረግሁት እርማት የተሳሳተ መሆኑን አምኜ፣ ወረቀቴ በሞጁሉ መሠረት እንዲታረምልኝ አመለክታለሁ» ብለው በትምህርት ቤታቸው በኩል በጽሑፍ ካቀረቡ ይታያል። የጊዜ ገደቡ ሐሙስ ነው። ማመልከቻውን ዳይሬክተሩ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ እትዬን ቢሮ አስጠራቸው። ማመልከቻው ጠረጴዛው ላይ፣ ቁልፉ ከነወረቀቱ ጎኑ።

«እትዬ፣ አንዲት ፊርማ ናት።»

«እርማቴ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?»

«የትም ይሁን! ማን ያየዋል? ዋናው መፈረሙ ነው።»

«አንተ ስንት ጊዜ ክፍሌ ገብተሃል። አርባ ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ የአንደኛ ክፍል ልጅ አይተህ ታውቃለህ?»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«እኔ ራሴ በስብሰባ ላይ አርባ ደቂቃ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ግን ሞጁሉ ይላል። እትዬ፣ እኔ ላጣዎት አልፈልግም። ይፈርሙልኝ።»

«የእህትህ ልጅ ስድስት ከአሥር ያመጣ ጊዜ ለምነኸኝ ቀየርኩልህ?»

«አልቀየሩልኝም።»

«ለእሱ ያልቀየርኩትን ለእኔ ልቀይር?» ብለው ተነስተው ወጡ።

ረቡዕ ጠዋት ኮሚቴው ለቃል ማብራሪያ ጠራቸው። በሌሉበት አንደኛ ሀን እንዲይዝ የተላከው አዲስ ገብ መምህር ነበር፤ እትዬ ከወደቁ ክፍሉን የሚረከበው እሱ ነው። ዲግሪው ገና ቀለሙ አልደረቀም። ትሑት ልጅ ነው፤ ዕቅዱን በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ፣ አርባዋንም ደቂቃ በየደቂቃዋ ከፋፍሎ ገባ። እኔ ቢሮዬ ሆኜ በጆሮዬ ተከታተልኩት። እስከ አሥረኛው ደቂቃ ደህና ነበር። በአሥራ ሦስተኛው አንድ ልጅ ጮኸ፤ መቼም ተቆንጥጦ ነው። በሃያኛው ኮሪደሩ በሙሉ ተናወጠ። በሃያ አምስተኛው ወጣቱ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«ያቺ ደወል የት ናት?»

«ቦርሳቸው ውስጥ ናታ።»

«እባክሽ እህቴ» አለኝ፤ «እንዲፈርሙ ለምኚልኝ።»

ያን ጊዜ እትዬ ከዩኒቨርሲቲው ተመልሰው በኮሪደሩ እየመጡ ነበር። በማይዘጋው መስኮት በኩል ቆመው ወደ ክፍላቸው ውስጥ ተመለከቱ፤ እኔም ከኋላቸው ደረስኩ። ልጆቹ አግዳሚ ላይ ቆመዋል፣ ከሥር ይሽሎከሎካሉ፣ ደብተር ይበራል። ከፊት ረድፍ አንዲት ቀጭን ልጅ አለች፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቃት። እትዬ ከዕለት ወደ ዕለት እያባበሏት፣ አንድ ቀን በከንፈር፣ አንድ ቀን በሹክሹክታ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት ሙሉ መስመር ጮክ ብላ አንብባ ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦላት ነበር። አሁን አግዳሚው ሥር ገብታ ጆሮዋን በሁለት እጅዋ ደፍናለች።

እትዬ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡና ደወሏን ከቦርሳቸው አውጥተው አንድ ጊዜ ደወሉ። ስልሳ ሦስቱ ብድግ ብለው እጃቸውን አራገፉ። ስልሳ አራተኛዋን ራሳቸው ጎንበስ ብለው ከአግዳሚው ሥር አወጧት። ልጆቹን ለወጣቱ መልሰው ቀጥ ብለው ወደ እኔ ቢሮ መጡ።

«ያንን ወረቀት አምጪው።»

ከመፈረማቸው በፊት አነበቡት፤ ሳያነቡ የፈረሙበት ነገር የለም።

«'አምኜ' ይላል እኮ» አሉ። «እሷን ማውጣት አይቻልም?»

ወረቀቱን ራሱ ይዞልን የመጣው ዳይሬክተር አንገቱን ደፍቶ «ቅጹ እንደዚያ ነው እትዬ» አለ።

በእኔ ሰማያዊ እስክሪብቶ ፈረሙ። ከዚያ የጫማ ማሰሪያውን ከአንገታቸው አውልቀው ቀዩን እስክሪብቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ። «አራሚዋ ተሳስታለች ተብሎ ተፈርሞባታል።»

መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ እትዬ የልጆቹን ደብተር በእርሳስ ማረም ጀመሩ። ልጆቹ «ቀዩስ?» ሲሏቸው «አለቀ» ይሏቸዋል።

ሰባ አራት ጸደቀ፤ ተመረቁ። ጋውኑ ረዝሞባቸው ልጃቸው ከኋላ ሰብስባ ይዛላቸው ፎቶ ተነሱ። ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ ንግግር አደረገ፤ ትምህርት ቤታችን የትምህርት ጥራቱን ከፍ አደረገ አለ። ከፍ ያለው ምን እንደሆነ ለማየት ወደ አንደኛ ሀ ሄድኩ። ሰሌዳው እንደተሰነጠቀ ነው፤ አንዱ መስኮት አይከፈትም፣ አንዱ አይዘጋም፤ ደወሏ በአሥራ ሁለት ደቂቃዋ ተደወለች። የዲግሪውን ፎቶ ኮፒ በማኅደራቸው ውስጥ አስቀመጥኩት። ቦታ ስለጠበበ ጎኑ ያገኘሁለት ያንን «የተሳሳተ መሆኑን አምኜ» የሚለውን ማመልከቻ ነው። ሁለቱ ማስረጃዎች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ማስተማር እንደሚያውቁ ይመሰክራል፣ ሌላው እንደማያውቁ።

አሁን ወደ ፖስታው ልመለስ። ከመጠይቁ ጋር የመጣው ጥራዝ ለመምህራን ሥልጠና የተዘጋጀ አዲስ መጽሐፍ ነው። ያዘጋጀው ስላይድ ነው፤ መጠይቁም የእሱ ነው። እኔ ጥራዝ የማነብ ሰው አይደለሁም፤ ማኅተም ልመታበት ስገልጥ ግን ገጽ አሥራ አራት ላይ ዓይኔ ዐረፈ።

«በቅርቡ የተደረገ የመስክ ጥናት እንዳመለከተው፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያለማቋረጥ በትኩረት ሊከታተል የሚችለው ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ከዝናብ በኋላ ይህ ወደ ስምንት ደቂቃ ዝቅ ይላል።»

የመስክ ጥናት! መስኩ የፈተና ወረቀት ጠርዝ ነው። ከፊት ገጹ ላይ የተመሰገኑ ሰዎች ተዘርዝረዋል፤ ማተሚያ ቤቱ ሳይቀር ተመስግኗል። እትዬ የሚል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

በዕረፍት ሰዓት ሻያቸውን ሊጠጡ ሲመጡ ገጹን ገልጬ ፊታቸው አኖርኩት።

«ያንብቡልኝ» አልኩ። «ያንብቡና በዚህ ሰውዬ ላይ ምን እንደምናደርግ ይንገሩኝ። ማመልከቻውን አሁኑኑ እጽፈዋለሁ። ዓይኑን በጨው አጥቦ እኮ ነው! እርስዎን ተሳስቻለሁ አስብለው ካስፈረሙዎት በኋላ!»

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ሁለተኛ አነበቡ። እኔ እንባ ወይ ቁጣ እጠብቃለሁ።

«ገባው» አሉ።

«ምኑ?»

«አሥራ ሁለቱ ገባው። ከሞጁሉ አወጣው እኮ። ስንት መምህር ያነበዋል ይሄንን?»

«ሁሉም። ለየትምህርት ቤቱ ተልኳል።»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ባዶ ነው። ዓመት ሙሉ እንዲህ እየሄደ እንደሚመለስ አይቻለሁ። ምንም ሳልል መሳቢያዬን ስቤ የጫማ ማሰሪያውን ከነእስክሪብቶው አወጣሁት። ትንሽ አዩት። ወሰዱት።

አሥራ ሁለቷ አጠገብ ትክክል የሚል ምልክት አደረጉ። ስምንቷን እንደ ልጅ ስህተት በትንሽዬ ክብ ከበቧትና ከላይዋ «ሰባት» ብለው ጻፉ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ «ጎበዝ። ስትገለብጥ ግን ተጠንቀቅ።» ብለው ፈረሙበት።

«መጠይቄንም ስጪኝ፤ እሷንም ልጨርሳት።»

ሀን፣ ለን፣ ሐን ዝም ብለው አለፏቸው። «ሌላ ካለ ይጠቀስ» የምትለዋ መስመር ላይ በቀዩ ጻፉ። ጽሑፉ በመስመሯ ልክ ሆነ።

«ክፍሌን እንዳይወስዱብኝ።»

የጫማ ማሰሪያውን አንገታቸው ላይ መልሰው፣ ሻያቸውን በቁማቸው ጨልጠው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ከኮሪደሩ መጨረሻ የደወሏ ድምፅ መጣ።

መጠይቁ ላይ «በሰማያዊ ወይም በጥቁር ቀለም ብቻ ይሞላ» ተብሏል። ዳይሬክተሩ አይቶት ለሰባት ሰከንድ ያህል አሰበና «አዲስ ፎርም ይሙሉ፤ ጥራዙንም ለውጪው» አለኝ። እሺ አልኩት፤ በዚህ ቤት ለሃያ ዓመት እሺ ስል ኖሬያለሁ። እሱ ሲወጣ ሁለቱንም ከነቀያቸው፣ ከአሥራ ሰባቱ ጋር ለስላይድ በሚመለሰው ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፣ አሸግሁ፣ ጠበቅ አድርጌ ማኅተም መታሁበት። ስላይድ ካልጣመው ይመልሰው። በእነሱ ደንብ ግን በቀይ የታረመና የተፈረመበት ወረቀት ዳግም አይታረምም።